ፊደል የለበሰ አልጋ

ቲቸር ያረፉት በጥር፣ የተቀበሩት በየካቲት ነው። አገር ቤት ላለ ሰው ይህን ማስረዳት ይከብዳል። እኛ ዘንድ ጠዋት ያረፈ ከሰዓት ይቀበራል፤ ቢዘገይም ከሩቅ የሚመጣ ልጅ እስኪደርስ ነው። የስዊድን ሕግ ግን እስከ አንድ ወር ጊዜ ይሰጣል፤ እ.ኤ.አ. ከ2012 በፊት እንዲያውም ሁለት ወር ነበር። ከግብር መሥሪያ ቤቱ የቀብር ማስረጃ መውጣት አለበት፣ ቀንና ቦታ መያዝ አለበት፣ ወረፋም አለ። የመቃብሩ ቦታ ግን አያስጨንቅም። በአገሩ የተመዘገበ ሰው ሁሉ ከገቢው በሚቆረጠው የቀብር ክፍያ ለ25 ዓመት የሚያርፍበት መሬት አለው። እናም ሠልስቱ አለፈ፣ ሰባቱ አለፈ፣ አስከሬኑ ገና ነው፤ ለቅሶ ቤቱም አልተነሣም። እጃችንን አጣጥፈን መቀመጥ አልሆንልን አለና ጀምረው የተዉትን ብርድ ልብስ ጨረስንላቸው።

ስለዚያ ብርድ ልብስና ስለ ባለቤቱ የማውቀውን የምጽፈው ልጆቻቸው ስለሚያነቡት ነው። ልጆቻቸው ስል ያስተማሯቸውን ማለቴ ነው፤ የአብራካቸው ክፋይ አልነበራቸውም።

ስማቸውን እዚህ አልጠራም፤ በሕይወት ሳሉም በስማቸው የሚጠራቸው ጥቂት ነበር። የስዊድን ተማሪ መምህሩን በስሙ ነው የሚጠራው፤ ትንንሾቹ ደግሞ ሴት መምህራቸውን «ፍሮከን» ይላሉ። የእኛዎቹ «ቲቸር» አሏቸው። ከልጆቹ ወደ ወላጆቹ፣ ከወላጆቹ ወደ ቄሱ ተሻገረ። አብረዋቸው የሚሰፉት ስዊድናውያን ባልቴቶችም ስማቸው መስሏቸው «ቲቸር፣ ቡና ልቅዳልሽ?» ይሏቸው ነበር።

ያወቅኋቸው ልጄ ሁለተኛ ክፍል ሳለች ነው። ከትምህርት ቤት የአፍ መፍቻ ቋንቋ ትምህርት መመዝገቢያ ቅጽ ይዛ መጥታ ነበር። እኔ የሌሊት ተረኛ ነበርኩ፤ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ቅጹን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌ ረሳሁት። አንድ ቅዳሜ በሩ ተንኳኳ። በወፍራም የክረምት ካፖርት ላይ ጋቢ የደረቡ፣ ጎማ ያለው ቦርሳ የሚጎትቱ ሴትዮ ቆመዋል። «አራት አሉኝ። አምስተኛዋ ያንቺ ልጅ ናት» አሉኝ፤ ሰላምታው ከዚያ በኋላ ነው የመጣው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1977 ሥራ ላይ ባዋለችው ደንብ፣ ቤቱ ውስጥ ሌላ ቋንቋ የሚነገር ልጅ ያንን ቋንቋ በትምህርት ቤት የመማር መብት አገኘ። ያኔ «ሄምስፕሮክ» ይሉት ነበር፣ ከ1997 ወዲህ «ሙደሽሞል» ሆኗል። ነገር ግን ኮሙኑ፣ ማለትም የከተማው አስተዳደር፣ መምህር የማቅረብ ግዴታ የሚኖርበት የአንድ ቋንቋ ተማሪ ቢያንስ አምስት ሲሆን ነው። አራት ከሆኑ መብቱ ወረቀት ላይ ይቀራል። ቲቸር ይህችን አምስት ቁጥር ከማንም በላይ ያውቋታል። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ትምህርት ሲከፈት ከሪስነ እስከ ሃሎንበርየን በየሕንፃው ደረጃ ወጥተው፣ የበሩ ላይ ስም ሐበሻ ከመሰላቸው ያንኳኳሉ። የምንኖርባት ሱንድቢበሪ በቆዳ ስፋት ከስዊድን ኮሙኖች ሁሉ ትንሿ ናት፤ ዘጠኝ ካሬ ኪሎ ሜትር እንኳ አትሞላም። «ለእግሬ የተሠራች ከተማ» ይሏት ነበር።

ክፍላቸውን ያየሁት ልጄን ለመውሰድ ቀድሜ ደርሼ ነው። ትምህርቱ የሚሰጠው መደበኛው ካለቀ በኋላ ስለሆነ ልጆቹ ደክመዋል፣ ርቧቸዋል። በታኅሣሥ ደግሞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደንገዝገዝ ብሎ ይመሻል። ቲቸር መጀመሪያ ዳቦ ያድላሉ፤ ድፎ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልለው ይዘው ይመጣሉ፣ ጥቁር አዝሙዱ የሚሸት። ከዚያ ጠረጴዛውን ራሳቸው ይጠርጉና ይጀምራሉ።

የዚያን ቀን አንዱ ልጅ «እናቴ ሥራ ላይ ነው» አለ። ሌሎቹ ሳቁ። ቲቸር ወደሳቁት ዞር ሳይሉ፣ ወደ ልጁ ጎንበስ ብለው «እናትህ ሥራ ላይ ናት? ስንት ሰዓት ትመጣለች?» አሉት። «ማታ ትመጣለች» አለ። «ስትመጣ ምን ታበስልላችኋለች?» «ፓስታ ታበስላለች።» «እሷ ደክሟት ከሆነስ?» «አባቴ ያበስላል።» ልጁ ናት፣ ትመጣለች፣ ታበስላለች፣ ያበስላል እያለ ሄደ፤ ተሳስተሃል የሚል ቃል አልሰማም። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ስንት ጊዜ ልጄን «እንዲህ አይባልም!» ብዬ አፏን እንደዘጋሁ እያሰብኩ ነበር። በኋላ ስጠይቃቸው «የዚህ አገር ልጅ አማርኛው ቢሰባበር ምን ይገርማል? የሰጠኝን ተቀብዬ እጨምርበታለሁ እንጂ አልመልስበትም» አሉኝ።

ከክፍል ውጭም ይወስዷቸው ነበር። የሪስነ ምድር ባቡር ጣቢያ ግድግዳ የዓለም ታሪክ የተጻፈበት ነው፤ ሁለት አርቲስቶች፣ ማደሌን ድራንገርና ሮልፍ ሬይመርስ፣ ከጥንት ጀምሮ ጣቢያው እስከተከፈተበት እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ያለውን በዘመን ቅደም ተከተል፣ በካርታና በጽሑፍ አስፍረውበታል። ሰው በችኮላ ያልፈዋል። ቲቸር ግን ልጆቹን እዚያ ያቆሟቸዋል፤ አንዱ በስዊድንኛ ያነባል፣ ሌላው በአማርኛ ይነግረዋል። ባቡር ሲመጣ ያቆማሉ፣ ሲያልፍ ይቀጥላሉ። ሃሎንበርየን ጣቢያ ደግሞ ነጩ ግድግዳ ልጅ የሞነጫጨረው በሚመስል ሥዕል ተሞልቷል፤ እዚያ የሚወስዷቸው ፊደል የሚመስል ነገር እንዲፈልጉ ነው። በበጋ የማራቡ ፓርክ አለ፤ ቸኮሌት ፋብሪካው ለሠራተኞቹ ማረፊያ ብሎ የሠራው፣ ዛሬ ለሁሉም ክፍት የሆነው። ሣሩ ላይ ጨርቅ ያነጥፋሉ፣ እኛ እናቶቹ ቡና እናፈላለን፣ ልጆቹ ኩሬው ውስጥ እየተንቦጫረቁ ተረት ይሰማሉ።

የጨርቁን ሥራ የጀመሩት ስዊድን ከመጡ ወዲህ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ደብረ ብርሃን መምህርነት ሠልጥነው የተመደቡት መንዝ፣ መሐል ሜዳ ነው። ብርዱ ልጅ የሚያስለቅስ ነው ይላሉ፤ ሴቶቹ የበጉን ሱፍ ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ባና እና ዝተት ይሠራሉ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ፣ ቀን ልጆቹን የሚያስተምሩትን ቲቸር ማታ እናቶቻቸውን እንዲያስተምሩ መደቧቸው። ያ ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች የተካሄደ፣ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ1980 የሸለመው ነው። የመንዟ ማታ ክፍል ግን ጠመኔ አልነበራትም፤ የመጣውም በሁለት ሳምንት አለቀ። ቲቸር የቀበሌውን አዳራሽ ግድግዳ በባና ሸፈኑት፤ ከተቀደደ ሹራብና ከአሮጌ ሸማ ፊደል በመቀስ እየቆረጡ ባናው ላይ ይለጥፋሉ። ባና ጸጉራም ነው፤ ጨርቁን ያለ ሙጫ ይይዘዋል። እናቶቹ አንድ በአንድ ተነሥተው «በ»ን አንሥተው «ቡ»ን ያስቀምጣሉ። «ጠመኔ ቢኖር አንብቢ እላት ነበር። ጨርቅ ሲሆን ያዢ አልኳት። እጇ የያዘውን ዓይኗ አልረሳውም» ብለውኛል።

ስዊድን የመጡት በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው፣ በእነሱ አቆጣጠር። ቋንቋ እስኪለምዱ አንድ የስፌት ክበብ ውስጥ ገቡ። ስዊድኖች ለሁሉም ነገር የጥናት ክበብ አላቸው፤ ኤቢኤፍ የሚባለው የሠራተኞች የትምህርት ማኅበራቸው እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ ይህንኑ ሲያደራጅ ኖሯል። ክበቡ ውስጥ የነበሩት በአብዛኛው ጡረተኞች ናቸው፤ አንዳንዶቹ እ.ኤ.አ. በ1888 ማክስ ሲቨርት በከተማዋ ባቋቋመው የኬብል ፋብሪካ ዕድሜያቸውን የጨረሱ። የሚሰፉት «ላፕቴከ» ነው፤ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሚገጣጠም ብርድ ልብስ። ቲቸር ቋንቋ ሳይኖራቸው ለወራት አጠገባቸው ተቀምጠው እጃቸውን ብቻ እያዩ ተማሩ። ከእነዚያ ሴቶች አንዷ ስታርጅ የሁስክቫርና የስፌት መኪናዋን ሰጠቻቸው። ብረቷ ከባድ፣ ድምፅዋ የባቡር፤ እስከ መጨረሻው ከእሷ ሌላ አልገዙም።

ሥራውን እኔም ከእሳቸው ተማርኩ፤ ጥበቡ ዓይን ሲያየው ከሚመስለው ይልቅ ጥብቅ ነው። ጨርቁ ሁሉ አስቀድሞ ይታጠባል፤ ካልታጠበ አንዱ በኋላ ይሰበሰባል፣ ሌላው ቀለሙን ይለቃል። ስፌቱ ከዳር ስድስት ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ ይሄዳል። እያንዳንዱ ስፌት ወዲያው በካውያ ወደ ጥቁሩ ጨርቅ በኩል ይተኛል፤ በነጩ ካለፈ ከላይ ይታያል። ከዚያ ሦስት ድርብ ነው፦ ከላይ የተገጣጠመው፣ መሃል ሱፍ፣ ከሥር ገበር። በሰፋፊ ስፌት ይወሰወስና ከመሃል ወደ ዳር በጥቃቅን ስፌት ይያያዛል፤ በመጨረሻ ጠርዙ ይዘመዘማል። ለመሃሉ ፖሊስተር ይረክሳል። ቲቸር ግን ከሱፍ በቀር አላስገቡም፤ የመንዝ ብርድ ከአጥንታቸው አልወጣም።

የፊደሉ ብርድ ልብስ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ጡረታ ሊወጡ ሲሉ ነው። ሐሳቡ የፊደል ገበታውን በሙሉ ብርድ ልብስ ላይ መስፋት ነው፤ ሒሳቡ ግን ያስቸግር ነበር። ሠላሳ ሦስት ፊደል በሰባት ቤት 231 ነው። አንዱን ቁራጭ ዐሥር በዐሥር ሴንቲ ሜትር ብንቆርጠው ገበታው እንዳለ 70 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ ሦስት ሜትር ከ30 ርዝመት ይወጣዋል፤ መቀነት እንጂ ብርድ ልብስ አይደለም። ቲቸር ጥያቄውን ወደ ልጆቹ አመጡት። ማስሊያ የለም፣ ስዊድንኛ የለም፤ በአማርኛ ቁጥር። ሁለት ሳምንት ሲከራከሩ ቆይተው አንዲት የአምስተኛ ክፍል ልጅ «33ን ለሦስት እንቁረጠው» አለች። ከ«ሀ» እስከ «ተ» ዐሥራ አንድ፣ ከ«ቸ» እስከ «ዠ» ዐሥራ አንድ፣ ከ«የ» እስከ «ፐ» ዐሥራ አንድ። ሦስቱን ጎን ለጎን ስናደርጋቸው ሁለት ሜትር ከ10 በአንድ ሜትር ከ10 ሆነ፤ ዙሪያውን ሰፊ ጠርዝ ሲጨመርለት አልጋ ይሸፍናል። ቲቸር ልጅቷን አቅፈው ግንባሯን ሳሟት። ቀጥለው «እያንዳንዱ ስፌት አንድ ሚሊ ሜትር ቢስት፣ 21 ቁራጭ ሲገጣጠም ስንት ይስታል?» ብለው ሌላ ጥያቄ ሰጧቸው። ሁለት ሴንቲ ሜትር። ከዚያ ቀን በኋላ ልጆቹ ማስመሪያ ከእጃቸው አልጣሉም።

ጨርቁን ያመጣነው ከየቤታችን ነው። የቲቸር ትእዛዝ አንድ ነበር፦ አዲስ እንዳትገዙ፣ የለበሳችሁትን አምጡ። የሠርግ ቀሚስ እጅጌ መጣ፣ የሟች አባት ሸሚዝ መጣ፣ የአገር ቤት ትምህርት ቤት ዩኒፎርም መጣ፣ በሱዳን በረሃ የተሻገሩበት ጃኬት ኪስ መጣ። እኔ አገሬን ስለቅ የለበስኩትን ካፖርት ገበር ፈትቼ ሰጠሁ፤ የልጄ «ኘ» የተሰፋችው በሱ ነው። ልጄ ያንን ካፖርት ስንት ዓመት ቁም ሣጥን ውስጥ አይታው ስለ እሱ ጠይቃኝ አታውቅም ነበር። መቀሱን ይዛ ልትቆርጠው ስትል «ይሄን ለብሰሽ የት ነበርሽ?» አለችኝ። ነገርኳት። ሌሊቱን ሙሉ ነገርኳት ማለት ይቻላል፣ በአማርኛ።

አንድ ከኤርትራ የመጣ ቤተሰብ ልጅ ከእኛዎቹ ጋር ይመጣ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ለትግርኛ ክፍል የሚበቃ ተማሪ ትምህርት ቤቱ ውስጥ አልነበረም። የብርድ ልብሱን ንድፍ እያየ ቆየና «የኔ ቐ የት አለ?» አለ። ገበታው ላይ የለም። ከወላጆቹ መካከል «የአማርኛ ነው እኮ» ያለ ሰው ነበር። ቲቸር መልስ ሳይሰጡ ጠርዙን አነሡ። ጠርዙ ላይ «ቋ»፣ «ኳ»፣ «ጓ»፣ «ሏ» እና ሌሎቹ ዲቃላዎች ሊገቡ ታስበው ነበር። ከእነሱ በፊት፣ በስተግራ ጥግ፣ «ቐ» ገባች። ጨርቋን የልጁ እናት ከነጠላቸው ጥለት ቆርጠው ሰጡ። ከሁሉም ያማረችው እሷ ናት ብዬ አሁንም አምናለሁ።

ሥራው ዓመታት ወሰደ። ልጆች አደጉ፣ ሌሎች ተተኩ፣ ቲቸር ጡረታ ወጡ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታቸው መሰብሰቡ ግን አልቀረም። በመጨረሻው ክረምታቸው ልባቸው ደከመ። ሆስፒታል ስጠይቃቸው ያሳሰባቸው ዓይናቸው ነበር፤ መርፌ ማስገባት አቅቷቸዋል። እኔ ክር አስገባሁላቸው፤ ብዙ መርፌ ላይ፣ ትራሱ ሥር ተደርድሮ እንዲቆይ። ሲያርፉ ከእነዚያ መርፌዎች አንዳንዶቹ ክራቸው እንዳለ ነበር።

የቀሩት አምስት ፊደላት ነበሩ፦ ጰ፣ ጸ፣ ፀ፣ ፈ፣ ፐ። በሰባት ቤት 35 ቁራጭ። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት የድሮ ተማሪዎቻቸው ትልልቅ ሰዎች ሆነዋል፤ አውቶቡስ የሚነዳ አለ፣ ነርስ አለች፣ መሐንዲስ አለ፣ ሁለት ልጆች ያሏት አለች። ፍራሹ ላይ ተቀምጠው ንፍሮ ሲቆረጥሙ፣ እኔ የቲቸርን የጨርቅ ሣጥን አምጥቼ መሃል አስቀመጥኩት። ማንም ምንም አላለም። አውቶቡስ ነጂው እጁን ሰዶ መቀስ አነሣ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ምሽቶች እንደ ለቅሶም እንደ ክፍልም ነበሩ። ከሥራ በቀጥታ ይመጣሉ፤ አልቅሰው ይገባሉ፣ ተቀምጠው ይሰፋሉ። የረሳ ይጠይቃል፦ «የጰ ሳድስ እግሯ በየት ነው?» ሁለቱ «ጸ»ዎች ለምን ሁለት እንደሆኑ እንደገና ክርክር ተነሣ፤ ያ ክርክር በቲቸር ክፍል በየዓመቱ የሚነሣ ነበር። ነርሷ አንዷን ቁራጭ አጣማ ሰፋችና ማለፍ ፈለገች፤ ሦስት ሰው በአንድ ድምፅ «ፍቺው!» አላት፣ በቲቸር ድምፅ። ሳቅን፣ ከዚያ እንደገና አለቀስን። የማስተዛዘኛ ራት ይዘው የመጡት የስፌት ክበቡ ስዊድናውያን ሴቶች፣ ካለቀሱ በኋላ ቁጭ ብለው ገበሩን ወሰወሱልን። ወለሉ ላይ ዘርግተን፣ በጉልበታችን ተንበርክከን፣ ከመሃል ወደ ዳር።

ቀብሩ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀር ጠርዙ ተዘመዘመ። ከዚያ ጭቅጭቅ መጣ። ከፊሉ ሳጥኑ ላይ ይልበስ አለ። ከፊሉ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ይሰቀል፣ ሌላው ቤተ መጻሕፍት ይሰጥ አለ። መሐንዲሱ በመስታወት ለማሠራት ዋጋ ጠይቆ መጥቶ ነበር። እኔ ሆስፒታል ያሉኝን ነገርኳቸው፦ «ግድግዳ ላይ እንዳትሰቅሉት። ሰው ይተኛበት።» በብርድ አገር የሱፍ ብርድ ልብስ መስቀል ለእሳቸው ነውር ነበር። ዝም ተባለ፤ ከዚያ ቄሱ «እንግዲህ ቲቸር ብለዋል» አሉ፣ አለቀ።

እናም ብርድ ልብሱ በየቤቱ ይዞራል። ሕፃን የተወለደበት ቤት ለአንድ ዓመት ይወስደዋል። መዝገቡን የምይዘው እኔ ነኝ። መጀመሪያ የሄደው ሪስነ ነው፤ ሲመለስ «ለ» ላይ የተፈጨ ካሮት ጠብታ ነበረበት፣ የ«ዠ» አንድ ስፌት ተተርትሯል፤ እሱን ጠገንኩት፣ ጠብታውን ተውኩት። አሁን ሃሎንበርየን ነው። ቀጣዩ ተረኛ ዱቭቡ ያለ ቤተሰብ ነው፤ ልጃቸው የምትጠበቀው በግንቦት ነው። እናቲቱ የቲቸር ተማሪ ነበረች፤ 33ን ለሦስት እንቁረጠው ያለችው ልጅ ናት። ትናንት ደውላ የጠየቀችኝ በስንት ዲግሪ እንደሚታጠብ ነው። ሱፍ ስላለበት በ30፣ በሱፍ ማጠቢያው፣ አልኳት፤ የልብስ ማጠቢያ ክፍሉን ለሁለት ተራ ያዢ፣ ቶሎ አይደርቅም።